ውሃው ተኛ ወይስ ተቀመጠ?

እናንተ ያጠባችሁትን ብርጭቆ ተቀብሎ እንደገና የሚያጥብ ሰው የሌለበት ቤት የለም። አክስት ትሆናለች፣ አማት ትሆናለች፣ የጎረቤት አባወራ ይሆናል። "ኧረ ንጹህ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ፤ እያሉም ቧንቧውን ይከፍታሉ። ይህ ዓይነት ሰው ሲሞት እንኳ፣ አስከሬኑን የሚያጥቡትን ሰዎች እጅ በአንድ ዓይኑ ሳያይ ይቀበራል ብዬ አላምንም።

የዚህ ዘር ሁሉ አለቃ እኛ መሥሪያ ቤት ነበሩ። ክቡር ጋሽ ጠብታ፣ የአርባው ወንፊት ጠባቂ፣ የማጠቢያ ክፍሉ የበላይ ኃላፊ፣ የቅባት ዘር ሁሉ ጠላት። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የደረት ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ይሰካል። እሳቸው የሚሰኩት ጫፉ የቀጠነ የመስታወት ማንጠብጠቢያ ነበር፣ የዓይን መድኃኒት የሚጨመርበት ዓይነት፤ ውስጡ ንጹህ ውሃ አለ። የታጠበ ነገር ሲሰጧቸው ጎንበስ ይሉና አንዲት ጠብታ ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ። ጠብታዋ ከተዘረጋች፣ ብረቱ ላይ ስስ ሆና ከተነጠፈች፣ "ተኝቷል" ይላሉ። ክብ ሆና እንደ ዶቃ ከቆመች ደግሞ ፊታቸው ይጠቁራል። "ተቀምጧል" ይላሉ፤ ያን ጊዜ የቀኑ ሥራ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ልናገር። ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ መርዝ አለበት፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ወንዝ ከመግባቱ በፊት እኛ ጋ ይመጣል። እኛ ጋ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል የብረት ማማ አለ። ውሃው ከላይ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ መርዙን የሚስብ ቀላል ዘይት ይገባል። ዘይቱ ከውሃው ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። በመንገዱ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሱ አርባ ክብ ብረቶች ተደርድረዋል። ዘይቱ በየቀዳዳው ሲያልፍ ይበጣጠስና ምስር የሚያካክል ጠብታ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጠብታ መርዙን እየለቀመ ሽቅብ ይሄዳል። ማማው ወገብ ላይ የመስታወት መስኮት አለ። ሥራው ደህና ሲሆን በመስኮቱ ሲያዩት ወደ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ነው የሚመስለው።

"ብረት ሁለት ጓደኛ አይዝም" ይሉ ነበር ጋሽ ጠብታ፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር። "ወይ ከውሃ ጋር ነው፣ ወይ ከዘይት ጋር። ውሃ ከለበሰ ዘይቱ የሚይዘው አጥቶ ጠብታ እንደሆነ ያልፋል። ቅባት ከነካው ግን ዘይቱ ዘመዱን ያገኛል። ይለጠፋል። አንዱ ጠብታ ካንዱ ይጋጠማል፣ ወፍራም ይሆናል፣ እንደ ገመድ ተጎትቶ ይወጣል። ሺህ ጠብታ ሺህ እጅ አለው፤ ገመዱ ግን አንድ እጅ ነው። ባንድ እጅ ስንት መርዝ ይለቀማል?"

አዲሱ ሠራተኛ ራሱን ይነቀንቃል።

"ገባህ?"

"ገባኝ ጋሼ።"

"እስቲ እጅህን።" ያሸቱታል። "ሎሽን ነው። ሂድ ታጠብ።"

እጅ መጨበጥ አይታሰብም። ወንፊት በሚታጠብበት ሰሞን ሰላምታቸው በክርን ነው። አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው መጥተው እጃቸውን ቢዘረጉላቸው፣ ክቡርነታቸው ጋሽ ጠብታ ክርናቸውን ሰጧቸው። ሰውየው ግራ ገብቷቸው ክርኑን ጨበጡት። ፀጉሩን ቅባት የተቀባ ሰው የማጠቢያ ክፍሉን ደጃፍ አይረግጥም። መካኒካችን ባገባ በሦስተኛው ቀን ሽቶና ቅባት ተለቅልቆ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ራሱን አሳጠቡት። በሦስተኛው "ጋሼ፣ ሚስቴ ብታየኝ ትፈታኛለች" አለ። "ትፍታህ፣ ማማው ግን አይፈታህም" አሉት።

ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጃንጥላ ይዘው መኪና ማቆሚያው ጋ ይቆማሉ። መኪና ሊያደንቁ አይደለም፤ ሊፈርዱ ነው። የዘበኛው ወንድም አሮጌ ፒካፕ ላይ ዝናቡ ተነጥፎ ይወርዳል፤ "ይሄ ጨዋ መኪና ነው" ይላሉ። የሥራ አስኪያጁ መኪና ግን በየሳምንቱ ሰም ባለው ፖሊሽ ይወለወላል፤ ዝናቡ እሱ ላይ ዶቃ ዶቃ ሆኖ ይቆማል። ጋሽ ጠብታ ይህን ሲያዩ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። "ተመልከቺ" ይሉኛል፣ "ያበራል፣ ግን ውሃ አይወድም።"

ባለቤታቸው እትዬ አንድ ቀን የነገሩኝ ይበልጣል። ጋሽ ጠብታ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ እትዬን ለትዳር ሊጠይቁ ወላጆቻቸው ቤት መጡ። ምሳ ቀረበ። ሙሽራው ከመብላቱ በፊት ማንጠብጠቢያውን አወጣና የአማቱ ሳህን ላይ አንዲት ጠብታ ጣለ። ጠብታዋ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ሲያይ፣ ብድግ ብሎ ጓዳ ገባና የቤቱን ሳህን ሁሉ አጠበ። "እናቴ" አሉኝ እትዬ፣ "'ልጄ፣ ይሄ ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ዕድሜሽን ሙሉ ዕቃ አያሳጥብሽም' አለችኝ። ሁለቱም ልክ ሆነ።"

እኔ ከጋሽ ጠብታ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ሥራዬ ማጠብ ነው። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ስብሰባ ላይ ጥግ ነው የምቀመጠው። "አንቺ ዝምተኛ" ይሉኛል። ከማንም በላይ ደግመው የሚያጥቡት እኔ ያጠብኩትን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን "ጎበዝ" ብለውኝ አያውቁም። "ተኝቷል" ይሉና ያልፋሉ። ቤቴ ስገባ ግን ያቺን "ተኝቷል" እንደ ሽልማት ይዤ ነበር የምገባው። እናቴ "ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?" ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት።

ያን ዓመት ጋሽ ጠብታ ሁለቱም ዓይናቸው ደፈረሰ። ጠብታዋን ለማየት አፍንጫቸው ብረቱን እስኪነካ ይጎነበሱ ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለና ለሃያ ቀን ከሥራ ቀሩ። ሃያው ቀን የዋለው ማማው በዓመት አንዴ ተከፍቶ ወንፊቶቹ በሚታጠቡበት ጊዜ ላይ ነበር። ሲሄዱ ማንጠብጠቢያውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ለማንም ሰጥተው አያውቁም።

አርባውንም ወንፊት፣ መለዋወጫውንም አርባ አንደኛውን፣ እሳቸው እንዳሳዩኝ አጠብኩ። ቅባት በሚያሟሟው ኮስቲክ ሶዳ፣ በብሩሽ፣ በንጹህ ውሃ። እያንዳንዱ ላይ ጠብታ ጣልኩ። ሁሉም ተኛ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሐሳቡ የኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም። ጋሼ ለሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ብረት ሲያጥቡ ኖሩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በደፈረሰ ዓይን ነው ያዩት። አሁን አዲስ ዓይን ይዘው ሊመጡ ነው። ደብዛዛ ግራጫ ብረት ከሚያዩ ሲያበራ ቢያዩት አልኩ። መካኒኩን ጠየቅኩት። "ይሄማ ቀላል ነው" አለና የሥራ አስኪያጁ መኪና የሚወለወልበትን ቆርቆሮ ፖሊሽ አመጣልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በጨርቅ ፈተግኩ። ክንዴ አልቀረልኝም። ሲያልቅ አርባ አንድ መስተዋት ነው የሆነው። ፊቴን አየሁበት፤ ጥርሴን ሳይቀር።

ጠብታ አልጣልኩም። አንዴ የተፈተነ ነገር ምን ይፈተናል ብዬ። ዝናቡና መኪናው ትዝ አላሉኝም። ሰው ደስ ሊያሰኝ ሲጣደፍ ይደነቁራል መሰለኝ።

ፋብሪካው አልጠብቅ ስላለ ወንፊቶቹ ጋሼ ሳያዩዋቸው በዋዜማው ማማው ውስጥ ገቡ፤ መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ማማው ተዘጋ፣ ሥራ ጀመረ። ጋሽ ጠብታ የተመለሱ ዕለት ጠዋት ላቦራቶሪው በሚወጣው ውሃ ውስጥ የቀረውን መርዝ ለካ። ቁጥሩ ከአምስት መብለጥ የለበትም፤ እኛ ጋ ሁልጊዜ ሁለት ነው። ያን ዕለት አሥራ ዘጠኝ መጣ።

ኢንጂነሩ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ግን ደንገጥ ይላል። ወንዙ ታች ሦስት መንደር ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ውሃውን ወደ መጠባበቂያው ጋን አዞረው። ጋኑ የሦስት ቀን ውሃ ነው የሚይዘው። ከሞላ ፋብሪካው ይቆማል። የፓምፑን ፍጥነት ቀነሰ፤ አሥራ ስምንት። ዘይቱን በአዲስ ቀየረ፤ ሃያ አንድ። ውሃውን አሞቀው፤ ሃያ።

"ማማው አርጅቷል" አለ በሁለተኛው ቀን ማታ። "ዋናው መሥሪያ ቤት ቆርጠን እንድናወርደው ተስማምቷል። ነገ ጠዋት ይፈረማል።"

ማማው ቢወርድ የኛ ክፍል ይዘጋል፤ ሰባታችንም በየቦታው እንበተናለን። ጋሽ ጠብታ ደግሞ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ነበር የቀራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቁት ማማ በራሳቸው ዓይን ፊት በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሊሸጥ ነው፣ ያውም በአዲሱ ዓይናቸው።

ክቡርነታቸው አልተቆጡም። በርጩማ ይዘው መስኮቱ ፊት ተቀመጡ። ብዙ አዩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

"ዝናብ የለም" አሉ። "ገመድ ነው።"

እኔም አየሁት። ዘይቱ ከወንፊት ወንፊት እየተላከከ፣ እየወፈረ፣ እንደተፈታ ጉንጉን ይጎተታል።

"አንቺ ዝምተኛ፣ አጥበሽዋል?"

"አጥቤዋለሁ ጋሼ።"

"ውሃው ተኝቶ ነበር?"

"ተኝቶ ነበር ጋሼ።"

አልዋሸሁም። ግን ያንን ስናገር መኪናውም፣ ዝናቡም፣ ዶቃውም አንድ ላይ መጡብኝ። ማንጠብጠቢያውን ኪሴ ውስጥ አጥብቄ ያዝኩት። "አንቺ ካልሽ ተኝቷል" አሉና ተነሡ። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኢንጂነሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ጋኑ ሊሞላ አንድ ሜትር ነው የቀረው። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ "በእርጅና ምክንያት" ይላል። የማጠቢያ ኃላፊውም መፈረም አለባቸው።

"ጋሼ፣ በጣም አዝናለሁ" አለ ኢንጂነሩ።

"አንተ ምን አደረግህ ልጄ" አሉ ጋሽ ጠብታ። ኪሳቸውን ዳበሱ። እስክሪብቶ የላቸውም። ማንጠብጠቢያውም እኔ ጋ ነው፤ አልመለስኩላቸውም ነበር። መካኒኩ እስክሪብቶ አቀበላቸው፣ ወደኔ ሳያይ። እጃቸው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ ከሶዳው የተነሣ የተሰነጣጠቀ፣ ቅባት ነክቶት የማያውቅ እጅ። እትዬ ስንት ጊዜ "ቫዝሊን ተቀባ" ብለዋቸዋል። "ማማው ጋ ይዤው ልሂድ?" ይሏቸዋል።

"አይፈርሙ" አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ድምፄን የማያውቁት ነበሩ እዚያ ቤት ውስጥ።

"እኔ ነኝ። ካጠብኩት በኋላ ፖሊሽ ቀባሁት።"

ኢንጂነሩ "ፖሊሽ?" አለ። "ታዲያ ብረት ማንጻት አይደል እንዴ? ምን ክፋት አለው?"

ጋሽ ጠብታ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጠው ነበር። "የምን ፖሊሽ?"

"የመኪና።"

"የማንን መኪና?"

"የሥራ አስኪያጁን።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው ሁሉ ይህን ያህል ክፉ ዜና ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። "ለምን ልጄ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ሲመለሱ እንዲያዩት ብዬ። በአዲሱ ዓይን።"

ጋሽ ጠብታ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ የጠየቁትን እስከዛሬ አልረሳውም።

"ያምር ነበር?"

"ፊቴን አየሁበት ጋሼ።"

ብድግ አሉ። "ነይ አሳዪኝ።"

ማማው ቆመ፣ ተንጠፈጠፈ፣ ክዳኑ ተከፈተ፤ የላይኛው ወንፊት በሰንሰለት ወጣ። ዘይቱን በውሃ አለቅልቀን ፀሐይ ላይ አጋደምነው። ውጭው ሁሉ በራ። የሰባታችንም ፊት እዚያ ውስጥ ነበር፣ የኢንጂነሩም። ማንጠብጠቢያውን ሰጠኋቸው። አንዲት ጠብታ ጣሉ። ክብ ሆና ቆመች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ጋሽ ጠብታ እንደ በፊቱ አልተጎነበሱም። ቀጥ ብለው ቆመው አዩት። ዙሪያውን ሄደው አዩት። ዓይናቸው ጥርት ብሏል።

"በጣም ያምራል" አሉ። "እጠቢው።"

ያን ቀን የማጠቢያ ክፍሉ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ኢንጂነሩ "እኔም ልግባ" አለ። ክቡርነታቸው በር ላይ አስቆሙት፤ እጁን አሸተቱት፤ ራሱን አዩት።

"ቅባት ነው።"

"ትንሽ ነው ጋሼ።"

"ትንሽ ቅባት የለም።"

ሁለት ጊዜ ታጥቦ ገባ። መካኒኩ ሳይጠየቅ ሦስት ጊዜ ታጥቦ መጣ። ሶዳው ሞቀ፤ ሁለቱ ያወጣሉ፣ ሦስቱ ከኢንጂነሩ ጋር ይፈትጋሉ፣ እኔ አለቀልቃለሁ፣ ጋሽ ጠብታ ጠብታ ይጥላሉ። ሠላሳ ስድስቱ ባንዴ ተኙ። አራቱ ተመልሰው እንደገና ታጠቡ። ኢንጂነሩ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጥፍሩ ጠቁሮ፣ የራሱን ወንፊት ይዞ ቀረበና እንደ ተማሪ ቆመ። ጠብታዋ ተነጠፈች።

"ተኝቷል" አሉት።

ፊቱን ብታዩት። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ይዤው ነው ቤቴ የገባሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባውም ገብቶ ማማው ተዘጋ። ጋኑ ጠርዙ ላይ አንድ ክንድ ሲቀረው ውሃው ዞሮ ማማው ውስጥ መውረድ ጀመረ። በመስኮቱ ተሻምተን አየን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከታች አንድ ጠብታ መጣች፣ ምስር የምታህል፣ ብቻዋን። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያ መስኮቱ በሙሉ ወደ ላይ ዘነበ።

በማግስቱ ላቦራቶሪው አንድ ነጥብ ስምንት ብሎ ላከልን። እንዲህ ወርዶ አያውቅም። ኢንጂነሩ ያን ወረቀት ቀደደው፤ ሌላ ጻፈ፤ "በእርጅና" የሚለው ቃል የለበትም። የወንፊቶቹን ነገር ለዋናው መሥሪያ ቤት ሲያስረዳም ስሜን አላነሣም። "በአጠባ ስህተት ነበር፣ ተስተካክሏል" ብሎ አለፈው። ጋሽ ጠብታ ናቸው እንዲህ በል ያሉት። "አጠባው የኔ ኃላፊነት ነው" ብለውታል።

ከአምስት ወር በኋላ ማንጠብጠቢያውን ለኔ ትተው ጡረታ ወጡ። ማማው ዛሬም ቆሟል፤ ቁጥሩ ሁለት ነው። አሁን የማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ሰው ያጠበውን አጥባለሁ። በዝናብ ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ ጃንጥላ ይዛ የምትቆም ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ፤ አትሳቁ። የእናቴን ብርጭቆም ባለፈው ሳምንት ፈትኜው "አሁንስ በዛ" ተብያለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተጠናቀቀልኝም ነበር። ጋሼ በወጡ ማግስት መደርደሪያውን ስቆጥር አርባ አንደኛው ወንፊት፣ መለዋወጫው፣ የለም። እሱን ያን ቀን አላጠብነውም፤ ማንም ትዝ አላለውም። ኢንጂነሩን ብጠይቀው "አዲስ ተገዝቷል፣ ያንን ተይው" አለኝና ፈገግ አለ።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ በር ከፈቱልኝ። የጋሽ ጠብታ ቤት፣ ሳህኑም ድስቱም ውሃ የሚያስተኛው ቤት፣ እንደጠበቅሁት አንዳች የሚያበራ ነገር የለበትም። ሳሎን ገባሁ። ግድግዳው ላይ፣ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ መሀል፣ አርባ አንደኛው ወንፊት ተሰቅሏል። እንደ ፀሐይ ያበራል። ፊቴ እዚያ ውስጥ ነበር።

እጄ ሳላስበው ወደሱ ሄደ።

"አትንኪው" አሉ ጋሽ ጠብታ ከወንበራቸው። "ይደበዝዛል።"

ማንጠብጠቢያውን ከኪሴ አወጣሁ። ወጉ ነው ብዬ የወንፊቱ አናት ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አደረግኩ። ክብ ሆና ጠርዙ ላይ ቀረች።

"ተቀምጧል ጋሼ" አልኩ።

"ይቀመጥ" አሉ። "ቤቱ ነው።"